ድር፣ ማግ እና ሰያፍ፦ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የክሩን አቅጣጫ ማወቅ

ስፌቱ ቀጥ ብሎ፣ ልኩም በትክክል ተወስዶ ሳለ ሲለበስ ወደ አንድ ጎን የሚዞር ሱሪ፣ ወይም ከታጠበ በኋላ በአንድ በኩል ወርዶ በሌላው በኩል የሚሰቀል ቀሚስ ሲያጋጥም፣ ብዙ ጀማሪዎች ጥፋቱን የሚፈልጉት ከስፌት መኪናው ወይም ከገዛ እጃቸው ነው። ስፌቱን ፈትተው ደግመው ይሰፉታል፤ ልብሱ ግን ያው ይሆናል። ስሕተቱ የተፈጸመው ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መቀስ ከማረፉ በፊት በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን፣ የክሩ አቅጣጫ ሳይታወቅ የተቆረጠን ጨርቅ በስፌትም ሆነ በካውያ መልሶ ማቃናት አይቻልም። ይህ መመሪያ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች መደረግ ያለበትን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሦስቱ አቅጣጫዎች

በሽመና የተሠራ ማንኛውም ጨርቅ ሁለት ዓይነት ክር አለው። በሽመና መሣሪያው ላይ አስቀድሞ በቁመት ተወጥሮ የሚዘረጋው ክር ድር ሲባል፣ በድሩ መካከል ከላይና ከታች እየተሹለከለከ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያቋርጠው ክር ማግ ይባላል። ድሩ ሽመናው እስኪያልቅ ድረስ ውጥረቱን ችሎ መቆየት ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ጠንከር ያለና በደንብ የከረረ ክር ይመረጥለታል፤ በማጉ ላይ ይህን ያህል ጫና ስለማያርፍ ለስለስ ያለ ክር ሊሆን ይችላል። በጨርቁ ግራና ቀኝ፣ በጠቅላላው ቁመት ላይ የሚገኘውና የማይተረተረው ጠርዝ የሽመና ጠርዝ ነው። ይህ ጠርዝ ዘወትር ከድሩ ጋር ትይዩ ስለሆነ፣ ጨርቁ ከጥቅሉ ተቆርጦ ሲመጣ የመጀመሪያው ምልክታችን እርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጠርዙ ላይ በመስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እነዚህ ጨርቁ በፋብሪካ ተወጥሮ ሲደርቅ የያዙት መርፌዎች የተዉት ምልክት በመሆናቸው ጠርዙን ለመለየት ይረዳሉ።

ሦስተኛው አቅጣጫ ሰያፉ ነው፤ በእርሱ መስመር የሚሄድ ክር የለም። ድርና ማግን በእኩል የሚያቋርጠው፣ ማለትም ከሁለቱም ጋር 45 ዲግሪ የሚሠራው መስመር ትክክለኛው ሰያፍ ይባላል።

እነዚህ ሦስት አቅጣጫዎች በባሕርይ ምን ያህል እንደሚለያዩ ከማንበብ ይልቅ በእጅ መሞከር ይሻላል። ከማንኛውም ተራ የጥጥ ጨርቅ ጎኖቹ ድሩንና ማጉን የተከተሉ፣ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይቁረጡ። በድሩ አቅጣጫ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ሲስቡ ጨርቁ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። በማጉ አቅጣጫ ሲስቡ ትንሽ ይሰጣል፣ ማለትም ይለጠጣል። በመጨረሻ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖችን ይዘው ሲስቡ ግን 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ርቀት ያለ ችግር ሲረዝም፣ የተቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ደግሞ ወደ ውስጥ ሲጠጉ ያያሉ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነገር አለ፦ ክሮቹ አልረዘሙም። አራት እንጨቶችን በአራት ማዕዘን ገጥመው በየማዕዘኑ አንድ አንድ ምስማር ብቻ ቢመቱበት፣ ደጋፊ ማገር እስካልተደረገበት ድረስ ሲገፉት ይንሻፈፋል እንጂ እንጨቶቹ አይረዝሙም። ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ የሚለወጠው ድርና ማግ የሚገናኙበት ማዕዘን ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ወደ ታች ሲረዝም ወደ ጎን እየጠበበ ሰውነትን ተከትሎ የሚወርደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንደኛ፦ ድሩን መለየት

የሽመና ጠርዝ ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነው ድር፣ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው ማግ ነው። ችግር የሚመጣው ጠርዝ በሌለው ቁራጭ ጨርቅ ወይም ከአሮጌ ልብስ በተፈታ ጨርቅ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መወሰን ያሳስታልና ቢያንስ ሁለት መመርመሪያዎች ተመሳሳይ መልስ እስኪሰጡ ድረስ መሞከር ይገባል።

የመጀመሪያው መመርመሪያ የመሳብ ነው፤ ከሁለቱ የክር አቅጣጫዎች ያነሰ የሚሰጠው ድሩ ነው። ይሁን እንጂ የሚለጠጥ ክር በማጉ ብቻ ሳይሆን በድሩም የተጨመረባቸው ጨርቆች ስላሉ፣ እንዲህ ባሉት ላይ ይህ መመርመሪያ ብቻውን አያስተማምንም። ሁለተኛው በድምፅ ነው። ጨርቁን በሁለት እጅ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቀው ይዘው ላላ ካደረጉት በኋላ በድንገት ወጠር ሲያደርጉት፣ በድሩ አቅጣጫ ጥርት ያለ የ"ጧ" ድምፅ ሲሰጥ በማጉ አቅጣጫ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ ጥቂት ጊዜ ከተለማመዱት በኋላ ግን ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይለያል። ሦስተኛው ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ መመልከት ነው፤ በአብዛኞቹ ጨርቆች ላይ ተቀራርበውና እኩል ተራርቀው የተሰለፉት ክሮች ድሮቹ ሲሆኑ፣ ማጎቹ አልፎ አልፎ ሳሳ ወይም ጠበቅ ብለው ይታያሉ። ተሸምኖ የወጣ መስመር ያለበት ጨርቅ ከሆነም መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ በድሩ በኩል ይሄዳል።

ድሩ ከታወቀ በኋላ በጨርቁ የውስጥ ገጽ በኩል በጠመኔ ቀስት ይሳሉበት። ቁራጭ ጨርቅ የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ይህን ምልክት አድርጎ ቢያስቀምጥ ከብዙ ድካም ይድናል።

ሁለተኛ፦ ጨርቁን አጥቦ ማቃናት

ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ ጨርቁን አስቀድሞ ማጠብ ያስፈልጋል። በውሃ ሊታጠብ የሚችል የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ ሳይታጠብ ከተቆረጠ፣ በፋብሪካ ተወጥሮ የደረቀው ክር በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል፤ ኩምትሩም በድሩና በማጉ በኩል እኩል ስለማይሆን ልብሱ ከማነሱ በላይ ቅርጹ ይበላሻል።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ የጨርቁን የተቆረጡ ጫፎች በማጉ መስመር ማስተካከል ይከተላል። ከሽመና ጠርዙ አጠገብ በመቀስ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይብጡትና ከብጡ ላይ አንድ የማግ ክር በመርፌ ጫፍ ይምረጡ። ክሩን በአንድ እጅ ቀስ እያሉ ሲስቡ በሌላው እጅ ጨርቁን ወደ ኋላ ይሰብስቡት፤ ክሩ በተመዘዘበት ቦታ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጭን የሳሳ መስመር ይታያል። በዚያ መስመር ላይ ይቁረጡ። ክሩ መሐል ላይ ቢበጠስ እስከዚያ ድረስ ቆርጠው ከተበጠሰበት ጫፍ እንደገና ይምዘዙት። ለተራ የጥጥ ጨርቅ ጫፉን በጥጦ መቅደድም ይቻላል፣ ቅዳዱ የማጉን ክር ተከትሎ ይሄዳልና፤ እኔ ግን መምዘዙን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም መቅደድ ጠርዙን ይወጥረዋል፣ በለስላሳ ጨርቅም ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ጉዳት ያደርሳል።

አሁን ጨርቁን በቁመቱ እጠፉት፤ ሁለቱ የሽመና ጠርዞች አንዱ በሌላው ላይ እንዲያርፉ ያድርጉ። የተስተካከሉት ጫፎችም እርስ በርስ ከገጠሙ፣ ማዕዘኑም በመሐንዲስ ማዕዘን ወይም በመጽሐፍ ጥግ ሲለካ 90 ዲግሪ ከሆነ ጨርቁ ቀጥ ያለ ነው። ካልገጠሙ ወይም ሲገጥሙ እጥፋቱ ላይ መጨማደድ ከፈጠሩ፣ ማጉ በጉዞው ላይ ተንሻፏል ማለት ነው። ይህን ለማቃናት አጭር የሆነውን ማዕዘንና በሰያፍ ከፊት ለፊቱ ያለውን ማዕዘን ሁለት ሰዎች ይዘው፣ በጠቅላላው ጨርቅ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተዘዋወሩ ቀስ ብለው ይስቡታል። ጨርቁ በትንሹ ርሶ ከሆነ በተሻለ ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ በእንፋሎት ካውያ ይተኮሳል፤ ሲተኮስ ግን ካውያውን በድሩና በማጉ መስመር ማንሳትና ማሳረፍ እንጂ በሰያፍ መግፋት አይገባም፣ አሁን የተቃናውን መልሶ ያንሻፍፈዋልና።

እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ የሚገባበት ጊዜም አለ። ፖሊስተርና መሰል ሰው ሠራሽ ጨርቆች በፋብሪካ በሙቀት ቅርጻቸው እንዲጸና ስለሚደረግ፣ ተንሻፈው ከወጡ ምንም ያህል ቢሳቡ አይመለሱም። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ሲገዙ መለየት ይሻላል፦ ከጥቅሉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ዘርግተው ማጉ ከጠርዙ ጋር ያለውን ማዕዘን ይመልከቱ። ንድፉ የታተመበት ጨርቅ ከሆነ ኅትመቱ ከማጉ ጋር አብሮ መሄዱንም ያረጋግጡ። ኅትመቱና ክሩ በጥቂቱ ከተለያዩ ዓይን የሚያየው ኅትመቱን ስለሆነ እርሱን ተከትሎ መቁረጥ ይሻላል፤ ልዩነቱ በጨርቁ ወርድ ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን የትኛውንም ቢከተሉ አንዱ ይከዳልና ጨርቁን መተው ነው።

ሦስተኛ፦ ፓተርኑን በድሩ ላይ ማሳረፍ

በእያንዳንዱ የፓተርን (ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅርጽ) ክፍል ላይ ሁለት ጫፍ ያለው ረጅም ቀስት ተሥሎ ይገኛል። ይህ ቀስት ከድሩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ጫፎቹ ወደ ፓተርኑ ጠርዝ የታጠፉ ቀስት ከሆነ፣ ያ ጠርዝ በጨርቁ እጥፋት ላይ ይረፍ ማለት ነው። ቀስቱ አጭር ከሆነ በማስመሪያ እስከ ፓተርኑ ጫፎች ድረስ ያስረዝሙት፤ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ስሕተቱ ያንሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓተርኑን በግምት ካስቀመጡ በኋላ በቀስቱ አንደኛ ጫፍ ላይ ብቻ አንድ ስፒል ይውጉበት። ከዚያ ነጥብ እስከ ሽመናው ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ 23.5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ወደ ሁለተኛው የቀስት ጫፍ ሄደው ከዚያም እስከ ጠርዙ ድረስ ይለኩ፤ እዚህም 23.5 እስኪመጣ ድረስ ፓተርኑን በመጀመሪያው ስፒል ዙሪያ ያሽከርክሩት። ሲገጥም ሁለተኛውን ስፒል ይውጉ፤ ከዚያ የቀረውን ዳር ዳሩን ያያይዙ። ሜትሩ ጠርዙን ቀጥ ብሎ ማቋረጥ አለበት፤ አግድም ጠመም ብሎ ከተለካ ቁጥሩ እኩል ሆኖም ፓተርኑ የተጣመመ ይሆናል። በ50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከ1 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ መዛባት ነው። በኪስ ላይ ቢሆን ማንም አያስተውለውም፤ በሱሪ እግር ላይ ግን ይታወቃል።

ይህን በኪሳራ ነው የተማርሁት። በጀማሪነቴ ለሱሪ የተገዛ ጨርቅ ጥቂት ሲያጥረኝ፣ አንደኛውን የፊት እግር በተረፈው ቦታ ላይ ለማብቃቃት ፓተርኑን ወደ ጎን ትንሽ አዘነበልሁት። ሲሰፋ ምንም አልታየም፤ በካውያ ሲተኮስም ያማረ ነበር። ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን የግራው የጎን ስፌት ከቁርጭምጭሚት ወደ ፊት ዞሮ እግር ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ፣ የቀኙ ግን በቦታው ነበር። የቆጠብሁት ጨርቅ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር።

በእጥፍ ጨርቅ ላይ ሲቆረጥ የታችኛው ጨርቅ እንደ ላይኛው ቀጥ ብሎ መተኛቱ መረጋገጥ አለበት። ሳቲንና ሐር የመሰሉ የሚያንሸራትቱ ጨርቆችን አንድ በአንድ፣ ሳይታጠፉ መቁረጥ ይመረጣል። የሽመና ጠርዙ ከሌላው አካል ይልቅ ተጨማድዶ ከታየ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በመቀስ ጫፍ በጥ በጥ ቢያደርጉት ይለቃል። እንደ ከፋይ ያለ ፀጉር ያለው ጨርቅ ደግሞ ፀጉሩ ወደ ላይ ሲዳበስና ወደ ታች ሲዳበስ ቀለሙ ስለሚለያይ፣ ሁሉም ክፍሎች ራሳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው መቆረጥ አለባቸው።

የትኛው ክፍል በየትኛው አቅጣጫ?

አጠቃላዩ ልማድ ድሩ በሰውነት ላይ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ድሩ ስለማይሰጥ የልብሱን ክብደት ይሸከማል፣ ማጉ ደግሞ በደረትና በዳሌ ዙሪያ ስንቀመጥና ስንተነፍስ ትንሽ ይሰጣል። በሱሪ ላይ የካውያው መስመር የሚወርድበት ቦታ የድሩ መስመር ነው። በእጅጌ ላይ ከትከሻው ጫፍ ተነሥቶ በክንድ መሐል ወደ ታች ይወርዳል፤ ክንድ ዝም ብሎ ሲንጠለጠል እጅጌው የሚጨማደድ ከሆነ መጀመሪያ ይህ መስመር መታየት አለበት።

ከዚህ የሚወጡ ክፍሎች አሉ። የወገብ መያዣ፣ የእጅጌ ጫፍ መያዣና በሸሚዝ ጀርባ ላይ ትከሻ ከትከሻ የሚያገናኘው ድርብ ክፍል በልብሱ ላይ አግድም ቢውሉም፣ እንዳይሰጡ ስለሚፈለግ ርዝመታቸው በድሩ በኩል ይቆረጣል። የኮት የታችኛው ኮሌታ በአንገት ላይ ታጥፎ መዞር ስላለበት በሰያፍ ይቆረጣል። በስሱ ጨርቅ ላይ የሚለጠፈው ማጠንከሪያ ጨርቅም የተሸመነ ከሆነ የራሱ ድር አለውና ከተለጠፈበት ክፍል ድር ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል፣ ከዚያም ኮሌታው ለምን እንደተጠማዘዘ ይገረማል።

ሰያፍ መስመር ያለው ሽመና፣ ለምሳሌ የጂንስ ጨርቅ፣ በራሱ የመዞር ዝንባሌ አለው። ሽመናው በአንድ ወገን ስለሚያጋድል በእጥበት ጊዜ ማጉ ያንኑ አቅጣጫ ይዞ ይንሻፈፋል፣ እግሩም ይዞራል። ስለዚህ ጂንስ ከመቆረጡ በፊት አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ቢታጠብ መልካም ነው።

በሰያፍ መሥራት

እ.ኤ.አ. በ1876 የተወለደችውና በ1912 በፓሪስ የራሷን የልብስ ቤት የከፈተችው ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሰያፍ የተቆረጡ ቀሚሶችን በስፋት በመሥራቷ ትታወቃለች። ንድፎቿን የምትሞክረው በትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እየጠመጠመች ነበር። አሠራሯን ለመረዳት ትልቅ ልብስ መጀመር አያስፈልግም፤ አንድ መሐረብ በማዕዘኑ ይዞ ማንጠልጠልና በጎኑ ይዞ ከማንጠልጠል ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

ትክክለኛውን ሰያፍ ለማግኘት ክር ተመዝዞበት የተስተካከለውን የማግ ጫፍ አንሥተው በሽመናው ጠርዝ ላይ ትይዩ አድርገው ያሳርፉት። የሚፈጠረው እጥፋት 45 ዲግሪ ነው። በካውያ ሳይጫኑ በጣት ብቻ ምልክት አድርገው ይክፈቱትና መስመሩን በጠመኔ ያስምሩ። የአንገት ወይም የብብት ጠርዝ ለመሸፈን 1 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው መጠቅለያ ከተፈለገ፣ ጥብጣቡ ታጥፎ አራት ድርብ ስለሚሆን 4 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ከዚህ መስመር ትይዩ ይቆረጣል። በድሩ በኩል የተቆረጠ ጥብጣብ በክብ አንገት ላይ ይጨማደዳል፤ በሰያፍ የተቆረጠው ግን ክቡን ተከትሎ ይተኛል። ጥብጣቦች ሲቀጣጠሉ ጫፎቻቸው በክሩ መስመር ተቆርጠው እርስ በርስ በማዕዘን ይጋጠማሉ፣ ስፌቱ ሲገለጥ አግድም ሳይሆን ጋደል ብሎ ይወድቃል፣ ውፍረቱም በአንድ ቦታ አይከማችም።

ማንኛውም ክብ ወይም ጋደል ያለ ቁራጭ በከፊል በሰያፍ የተቆረጠ መሆኑን ልብ ይበሉ። የአንገት ዙሪያና ብብት ከተቆረጡ በኋላ ሲነሡና ሲወሰዱ ይለጠጣሉ። ስለዚህ ክፍሎቹ ገና ሳይጋጠሙ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ አንድ ጠባቂ ስፌት ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ስፌቱ ከትከሻ ተነሥቶ ወደ አንገቱ መሐል፣ ከሁለቱም ወገን ለየብቻ ይሰፋል።

ሹራብነት ያላቸው ጨርቆች

ቲሸርት የሚሠራበት ጀርሲና መሰሎቹ ድርም ማግም የላቸውም፤ የተሠሩት እርስ በርስ ከተያያዙ የክር ቀለበቶች ነው። ይሁንና አቅጣጫ አላቸው። በፊት ገጹ ላይ በቁመት የሚሄዱ ቀጫጭን የቀለበት ረድፎች ይታያሉ፤ የፓተርኑ ቀስት የሚያርፈው በእነዚህ ረድፎች ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ አግድም ያለው በኩል በጣም ስለሚለጠጥ በሰውነት ዙሪያ መዋል ያለበት እርሱ ነው። ፊትና ጀርባው ካልተለየ የተቆረጠውን የአግድም ጫፍ ሳብ ያድርጉት፤ ተራ ጀርሲ ከሆነ ወደ ፊት ገጹ ይጠቀለላል። በቱቦ መልክ የሚሸጥ ጀርሲ ላይ በጥቅሉ የተፈጠረውን የእጥፋት ጠባሳ ተከትሎ መቁረጥ የተለመደ ስሕተት ነው፣ ጠባሳው ከረድፎቹ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምምና። በእጥበት ጎኑ የሚዞር ቲሸርት አንዱ ምክንያቱ ይኸው ሲሆን፣ ሌላው የክሩ ክርር ራሱ ቀለበቶቹን ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ ነው፤ ይህኛው በአቆራረጥ ሙሉ በሙሉ አይታከምም።

ከመቀምቀም በፊት ማንጠልጠል

በሰያፍ የተቆረጠ ወይም ሰፊ ክብ የሆነ ጉርድ ተሰፍቶ እንዳለቀ ወዲያው ታችኛው ጠርዝ መታጠፍ የለበትም። ሙሉ ክብ በሆነ ጉርድ ዙሪያ ትክክለኛው ሰያፍ በአራት ቦታ ስለሚገኝ፣ ጨርቁ በክብደቱ ሲሳብ በእነዚያ አራት ቦታዎች ይረዝማል፣ በድሩና በማጉ በኩል ያሉት ግን በነበሩበት ይቀራሉ። ስለዚህ ጉርዱን በወገቡ ይዞ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማንጠልጠል፣ ከባድ ጨርቅ ከሆነም ሁለት ቀን ማቆየት ያስፈልጋል። ከዚያም ለባሹ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሌላ ሰው ከወለሉ ጀምሮ በማስመሪያ እየለካ ዙሪያውን በስፒል ምልክት ያደርግበታል። ከወገብ ጀምሮ መለካት እዚህ አይሠራም፣ የተለጠጠውን ከልኩ ጋር ይቆጥረዋልና። ምልክቱን ተከትሎ ትርፉ ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ጠበብ ብሎ ይታጠፍና ይቀመቀማል።